እናቴ ለዕረፍት ኖርዌይ የሄደች ጊዜ

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄጄ፣ ገበያው መሀል ሰልባጅ የሚሸጥበት ሸራ አጠገብ ሳልፍ እግሬ በራሱ ቆመ። ሰልባጅ የራሱ ሽታ አለው። የሳሙና አይሉት የሰው፤ ታሽጎ የከረመ ጨርቅ፣ መድኃኒትና የማያውቁት ቤት ተደባልቆ ይሸታል። ሻጯ «እህት፣ ጃኬት ነው? ነይ ምረጪ፣ አዲስ ቦንዳ ነው የፈታነው» አለችኝ። ጃኬት አልፈለግኩም። ሽታው ነው ያቆመኝ። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ደስ ይለዋል ይባላል። እኔ ግን ይኼ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ይኼን ያህል ሴት ሆኜም፣ የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ መያዝ ያምረኛል።

ያን ዓመት ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ከዚያው ገበያ አንድ ትልቅ ጥቁር ካፖርት ገዛች። ለብሳው ስትዞር ሻጩ ሳቀና «ሲስተር፣ ይኼ ከዚያው ከብርዱ አገር የመጣ ነው፤ መንገዱን ያውቀዋል» አላት። እሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እንደገባኝ ከሆነ ካፖርቱ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ እናቴ ደግሞ ውስጡ ናት። ቤት ስንደርስ በር ጀርባ ሰቀለችው። እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግድግዳውን ተጠግቼ ማለፍ ጀመርኩ።

እናቴ ነርስ ናት። ሲስተር ጥሩወርቅ ይሏታል። የዓመት ዕረፍት የሚባል ነገር ወስዳ አታውቅም ነበር። አንዴ ሰው ጎደለ ይባላል፣ አንዴ በሽተኛ በዛ ይባላል፣ እሷም እሺ ትላለች። ኖርዌይ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ስመኝ ግን በየስልኩ «አንድ ጊዜ እንኳ መጥተሽ እረፊ፣ ትኬቱን እኔ እልካለሁ» እያለች ስትነዘንዛት ቆይታ፣ በመጨረሻ ቪዛው ተመታላት። ኅዳር መጨረሻ ሄዳ፣ የፈረንጆችን ገና ከእህቷ ጋር አሳልፋ፣ ለጥምቀት ልትመለስ። ነገሩ ይኸው ነበር።

ይኼን የሚያምን አንድ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ጠፋ። ከእኛ ሰፈር ለሥራ የሄደ አለ፣ ለትምህርት የሄደ አለ፣ በዲቪ የሄደ አለ። ለዕረፍት ሄዶ የመጣ የለም። በዚያ ላይ ብርድ ፍለጋ! የጮቄ ተራራ ብርድ አፍንጫችን ሥር እያለ ማን ብሎ ነው ለብርድ አውሮፕላን የሚሳፈረው? ስለዚህ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ገባው፤ ሲስተር ልትቀር ነው። ደግሞ ማንም አልተቀየማትም፣ እንዲያውም አደነቋት። «ባልና ልጅ አላት ብለው እኮ ነው ቪዛውን የሰጧት፤ ብልህ ናት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባልና ልጅ የተባልነው እኔና አባዬ ነን።

የሽኝቱ ቀን ቤታችን ሞላ። ሽሮ ያመጣ፣ በርበሬ ያመጣ፣ ድርቆሽ በፌስታል ቋጥሮ ያመጣ አለ። የዕረፍት ሳይሆን የዓመት ቀለብ ነበር። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን እትየ የሺ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች የእናቴን አንገት አቅፋ አልለቅ አለች።

«እንግዲህ ዓይንሽን በፎቶ ነው የማየው!»

«የሺ፣ ምን ሆነሻል? ለጥምቀት እመጣለሁ እኮ።»

«እሱማ! ለጥምቀት ትመጫለሽ» አለችና፣ ቀና ብላ ጠቀሰቻት።

ያን ጥቅሻ መቼም አልረሳውም። ትልልቆች የሚያውቁት፣ ለእኔ ያልተነገረኝ ነገር እንዳለ በዚያች ጥቅሻ አረጋገጥኩ። እናቴ በጥቅሻው ስቃለች፤ ሳቋንም መስማማት ነው ብዬ ወሰድኩት። አባዬን አየሁት። አባዬ አይሱዙ ሹፌር ነው፣ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ወትሮ ቤት ሰው ሲሞላ ጨዋታ የሚያደምቀው እሱ ነበር። የዚያን ቀን ግን ደጅ ወጥቶ ንጹሕ መኪናውን ያጥባል። ውሃ ይደፋል፣ ጎማ ይፈትጋል፣ ተመልሶ የፈተገውን ይፈትጋል።

በማግሥቱ በራሱ መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይዟት ሄደ። እኔ ትምህርት እንዳይቀርብኝ ተብሎ እትየ የሺ ጋር ቀረሁ። እናቴ አጎንብሳ ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝና «ሰብሌ፣ ስመጣ ምን ላምጣልሽ?» አለች። ምንም አልኩ። የሚመጣ ነገር ካዘዝኩ እሷ ቀርታ በሰው ትልክልኛለች ብዬ ነው። የክፍል ጓደኛዬ አባት እንዲያ ነበር፤ ጫማ በሰው እየላከ እሱ ራሱ መጥቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን የኢሞ ሆነ። ኔትወርክ ደህና በሆነ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ትደውልና አባዬ ስልኩን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፎ አብረን እናያታለን። መጀመሪያ ቀን ያየሁት መስኮቱን ነበር። እኛ ጋ ፀሐይ ደጃችን ላይ ተዘርግታ ዶሮዎች ይጭራሉ፤ እሷ ኋላ ያለው መስኮት ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«እማዬ፣ ለምን አልተኛሽም?»

«ገና ምሳ መብላታችን ነው እኮ። እዚህ በዚህ ወር ፀሐይ አትወጣም። ቀትር ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብርሃን ይመጣና ወዲያው ይጨልማል።»

ለአንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ፀሐይ የሌለበት አገር ጠዋት እንዴት ይሆናል? ጠዋት ከሌለ ነገ አይመጣም፤ ነገ ካልመጣ ጥምቀትስ በምን በኩል ይመጣል? ይኼን ለማንም አልነገርኩም፣ ግን ሒሳቡ በየትኛውም በኩል ስሠራው አልወጣ አለኝ።

በረዶውንም አሳየችን። ስልኳን ይዛ ወጥታ፣ መንገድ መብራት ሥር ቆማ፣ በእጇ ዘግና አፈሰሰችው። እኛ የምናውቀው በረዶ በክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚያንኳኳውን ነው። ያኛው ግን ድምፅ የለውም። ሐይቁ በብርዱ ጠጥሮ መኪና እንደሚሄድበት ነገረችን። አባዬ በሹፌር ዓይን አስቦበት «የጭነትም?» ብሎ ጠየቀ። የጭነትም አለች። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን መንገድ ዳር ካለው ሱቅ የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ እጄን እየከተትኩ መቆም ጀመርኩ። እሷ ያለችበት ምን ያህል እንደሚበርድ ማወቅ ፈልጌ ነው። ባለሱቁ እስኪጮህብኝ እቆያለሁ። ጣቶቼ ሲደነዝዙ፣ እናቴ በሙሉ አካሏ እንዲህ ሆናለች እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ከብርዱ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ፊቷ ነው። በየሳምንቱ ፊቷ ሞላ፣ ከዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት ጠፋ። አንድ ቀን ቀይ የሱፍ ባርኔጣ አድርጋ፣ ስመኝ በበረዶ መንሸራተቻ ስትጎትታት ወድቃ የሳቀችውን ሳቅ አሳዩን። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እናቴ ቤት ስትገባ እግሯን ሰቅላ ዝም የምትል ሴት ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ደነገጥኩ። እንዲህ የሚያስቅ ቦታ ያገኘ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል?

ሰፈር ደግሞ አላስቀምጥ አለን። አባዬን ባዩት ቁጥር «እንዴት ናት? የመኖሪያ ወረቀት ጀመረች?» ይሉታል። «ለዕረፍት ነው የሄደችው» ይላል። «እሱማ!» ይሉታል። ይኼ «እሱማ» የሚባል ቃል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጆሮዬን ያመዋል። እትየ የሺማ ፀጉሬን ስትሠራኝ «አይዞሽ ልጀ፣ ትንሽ ታግሠሽ ትወስድሻለች፤ ያኔ እኛን ትረሽናለሽ» ትለኛለች። የምታጽናናኝ መስሏታል። እኔ የትም መወሰድ አልፈለግኩም። እናቴ እንድትመጣ ነበር የፈለግኩት፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

ከገና በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ተደውሎ አወራን። አባዬ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ደጅ ወጣ፤ መኪና ሊያሞቅ ነው። እናቴ ስልኳን የዘጋች መስሏት ጠረጴዛ ላይ አስተኛችው። በእኛ ስልክ የሚታየው ነጭ ጣራ ብቻ ሆነ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ የስመኝን ድምፅ ሰማሁ።

«ጥሩዬ፣ እባክሽ ቅሪ። እዚህ ነርስ አጥተው ነው የሚፈልጉት። ቋንቋውን አንድ ዓመት ትማሪያለሽ፣ ከዚያ ልጅቷንም ባልሽን ደሴንም ታመጫቸዋለሽ።»

ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ራስሽን በመስተዋት አይተሽዋል አሁን? ሰው መሰልሽ እኮ!»

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። እምቢ በይ እያልኩ ጣራውን አያለሁ። እምቢ አላለችም፣ እሺም አላለችም። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ዞር ስል አባዬ በሩ ላይ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። ከየትኛው ጀምሮ እንደሰማ አላውቅም። «ራትሽን እትየ የሺ ጋር ብዪ» አለኝና ሄደ፤ ጭነት ሳይጭን ነው የሄደው። ስለዚያ ስልክ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

ለገና አባዬ ወደ አያቴ ወሰደኝ። የእናቴ አባት፣ አባባ የምለው፣ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ወደ ጮቄ በኩል ከፍ ባለ ቦታ ገብስና ባቄላ ያርሳል። የቁጣ ሰው ነው፤ ፍቅሩንም የሚናገረው እየተቆጣ ነው። በገና ማግሥት ጠዋት ስንነሣ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ሮጬ ወጣሁ። እማዬ ያሳየችን ነገር እኛም ጋ መጣ ብዬ ነው። አባባ ግን ጋቢውን ተከናንቦ ዘግይቶ የተዘራው የባቄላ ማሳ ዳር ቆሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ነጩ ጠፋ፤ ባቄላው ግን ቀስ እያለ ጠቆረና ቅጠሉ ተንጠለጠለ። ትናንት አረንጓዴ የነበረው እሳት የበላው መሰለ።

«አባባ፣ ምን ሆነ?»

«ውርጭ መታው።»

«ጠዋት ደህና ነበር እኮ።»

«ውርጭ እንዲያ ነው። ሲመታው ደህና ይመስላል፤ የሞተው በኋላ ነው የሚታይ።»

በስልኩ ያየሁት የእናቴ ሙሉ ጉንጭና ሳቅ ዓይኔ ላይ መጣ። እሷም ደህና የምትመስለው ለዚያ ይሆን? እንደ ባቄላው ፀሐይ ስታገኝ ቢሆንስ የሚታይባት? ጋቢውን ይዤ ጎተትኩት። «አባባ፣ ደውልላትና ትምጣ በላት! ውርጭ ይመታታል! አንተን ትሰማለች!»

ይስቅብኛል ወይም ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና እኔን ሳይሆን ባቄላውን እያየ ተናገረ።

«ለምን ትመጣለች? ቤታቸው ሙቅ ነው አሉ። ሥራ አለ አሉ። እኔ ብትቀር ነው ደስ የሚለኝ።»

«አባባ!»

«ምን አባባ ትይኛለሽ! አንቺን የምታህል ሆና ነው እናቷ የሞተችባት። ስመኝን በጀርባዋ አዝላ እያሳደገች ነው የተማረች። ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። እኔስ ልጀ አትረፍ?»

ይኼን ብሎ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። አባባ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም አለቀስኩ፣ ግን ለሌላ ነገር ነበር የማለቅሰው። እናቴ የእኔ ብቻ ትመስለኝ ነበር። የሰው ልጅ ናት፣ አባት አላት፣ አባቷም ከእኔ ወገን አይደለም። እንግዲህ እንድትመለስ የምንፈልገው እኔና አባዬ ብቻ ቀረን። አባዬም መፈለጉን አፍ አውጥቶ አልተናገረም።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ ኔትወርክ የለም። ነገ ይመጣል ይባላል፤ ነገ መጥቶ እሱ አይመጣም። አባዬ ኮረብታው ላይ መኪናውን አቁሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሣል። ጥምቀት እየደረሰ ነው። የሰፈር ልጆች አዲስ ልብስ ይለካሉ፣ ወጣቶቹ ለታቦቱ መሄጃ መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ከእናቴ ግን ወሬ የለም። እትየ የሺ ለእኔም ቀሚስ አሰፋችልኝ። እናት ለሌላት ልጅ እንደሚደረገው ነው ብዬ፣ ልለካሽ ስትለኝ እጄን አላነሣላት አልኩ። ሴትየዋ ምን እንደሆንኩ አልገባትም። «ቁጣዋ አያቷን!» አለች።

የከተራ ዕለት አባዬ ጠዋት ተነሥቶ ጢሙን ተላጨና «አዲስ አበባ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ከማታው ጀምሮ የተዘጋጀ መኪናውን አስነሣ። አትሄድም፣ ዛሬ በዓል ነው አሉት። «ለጥምቀት እመጣለሁ ብላለች» አለ። ይኸው ነው ያለው። ያን ጊዜ ምንም ሳይናገር እንደኔ ሲጨነቅ እንደከረመ ገባኝ። እትየ የሺ ከንፈሯን መጠጠች። «ምስኪን!» አለች ለሌላዋ ጎረቤት። «ባዶ መኪና ይዞ ነው የሚመለስ።»

እነሱ የመጡት ግን ጥምቀት ከሰዓት በኋላ፣ ታቦት ገብቶ ሰው በየቤቱ ሲበተን ነው። መኪናው ሲጮህ ሰማሁና ወጣሁ። ከጋቢናው አንዲት ወፍራም፣ ቀላ ያለች ሴት ወረደች። አላወቅኳትም። «ሰብሌ!» ስትለኝ ነው ድምፅዋን ያወቅኩት። እንደ ሌላው ልጅ ሮጬ አልተጠመጠምኩባትም። ቀስ ብዬ ሄጄ ጉንጯን በጣቴ ነካሁ። ሞቃት ነበር። ከዚያ በኋላ ቀሚሷን ይዤ ማንም ቢለምነኝ አልለቅ አልኩ።

እትየ የሺ ከአጥሩ ማዶ አየቻት። እልል የምትል መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦ በሳፋ ይዛ፣ ሌሎቹን ጎረቤቶች አስከትላ መጣች። አንድ በአንድ ገቡ። እናቴን እየሳሙ በዝቅተኛ ድምፅ «እግዜር ያጥናሽ» ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። የበዓል ቀን፣ ቤታችን ልቅሶ ቤት ሆነ።

«አይዞሽ» አለች እትየ የሺ። «የእኔም የወንድሜን ልጅ ሁለት ጊዜ መልሰውታል። ሦስተኛው ተሳካለት።»

«ማን መለሰኝ? ለዕረፍት ነበር እኮ የሄድኩት!»

«እሱማ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። አንዷ ሽማግሌ ሴት «ምን በደልሽ ብለው ነው ግን?» ብላ አለቀሰች። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አስረዳች፣ በመጨረሻ ደከማትና ዳቦውን ቆርሳ መብላት ጀመረች።

በዚህ መሀል አባባ ገባ። ለጥምቀት ከተማ ወርዶ ነበርና መምጣቷን መንገድ ላይ ሰምቷል። ሁሉም ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። አልተቀመጠም። ከላይ እስከ ታች አያት።

«ለምን መጣሽ?» አላት።

ሁሉም የጓጓው ለዚህ መልስ ነበር። እኔ ደግሞ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለልጄ ብዬ ትላለች፣ ከዚያ ሁሉም ያየኛል። ቀና ብዬ ጠበቅሁ።

«ነገ ተረኛ ነኝ፣ አባባ» አለችው።

አባባ ከፊቷ በርከክ ብሎ ሁለት እጇን ያዘ። እናቴ እጇን በቀን ስንቴ በረኪና የሚነካው ሰው ናት፤ ጣቷ ሁልጊዜ የተሰነጠቀ ነበር፤ አሁን ስንጥቁ ጠፍቷል። አገላበጠው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ለስልሶ ነበር እኮ» አለ። «ይኸው እኮ፣ ለስልሶ ነበር።» ግንባሩን መዳፏ ላይ አሳረፈ። እናቴ እሱ ላይ አጎነበሰች። ያን ጊዜ ነው ጎረቤቶቹ በእውነት ያለቀሱት።

በማግሥቱ ጠዋት ነጭ ጋውኗን ለብሳ ወደ ሥራ ሄደች። እኔ ከትምህርት ስመለስ ቤት አልገባሁም፤ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ የአጥሩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ለምሳ መጣች። በማግሥቱም ቆምኩ፣ ከዚያ በኋላም። መጥታለች፣ አውቃለሁ፤ ግን ልትሄድ እንደምትችልም አውቄያለሁ። ያ አንዴ ከታወቀ አይመለስም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ጣቷ እንደ ድሮው መሰንጠቅ ሲጀምርም እዚያው በር ላይ ነበርኩ።

አንድ ቀን እዚያው አጠገቤ ቆመች። «እስከ መቼ ነው በር ላይ የምትቆሚው?»

«አላውቅም።»

«ስመኝ ቅሪ ስትለኝ ሰምተሽ ነበር፣ አይደል? ስልኩ ክፍት እንደነበር በኋላ ነው ያየሁት።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ለምን እምቢ እንዳላለቻት ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን የጠየቅኋት ያህል መለሰችልኝ።

«መቅረት አምሮኝ ነበር፣ ሰብሌ» አለች። «በጣም አምሮኝ ነበር።»

ከዚያ ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውርዳ ያዘችልኝ፤ ምሳ ልንበላ ገባን።